የጸደቀውን ማን ይቁጠር?

ለአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር አስተባባሪዎች፣
ለ32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ አዘጋጆች፣
ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የቦርድና የሴኔት አባላት፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ የጸደቀውን ችግኝ ስለመቁጠርና ቆጣሪውን ስለመጠበቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በ12 ሰዓት ውስጥ 353 ሚሊዮን 633 ሺህ 660 ችግኝ መተከሉን መንግሥት ለዓለም አሳወቀ። ይህን ቁጥር ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓይኔ የሚያርፈው ከኋላ ባለችው 660 ላይ ነው። ከወለጋ እስከ ሐረርጌ፣ ከትግራይ እስከ ጋሞ በአንድ ቀን የተቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ ተደምሮ 659 ወይም 661 አልሆነም፤ 660 ሆነ። እንዲህ ተጠንቅቆ የሚቆጥር አገር ከእነዚያ ችግኞች ዛሬ በሕይወት ያሉት ስንት እንደሆኑ ቢጠየቅ መልሱ እጁ ላይ ይኖራል ብለን ብንጠብቅ አይፈረድብንም። ጥያቄውን በየመድረኩ ለዓመታት አንስቻለሁ። እንኳን 660ዋን፣ ሚሊዮኑን አስረግጦ የነገረኝ ሰው አላገኘሁም።

የአየር ንብረት ተመራማሪ ነኝ፤ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። የችግኝ ተከላን የምቃወም ሰው እንዳልሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከባልደረቦቼና ከተማሪዎቼ ጋር በአውቶቡስ ተጭነን፣ ዶማና አካፋ ይዘን፣ ጭቃ ውስጥ ተሰልፈን ተክለናል። መርሐ ግብሩ በየወረዳው የችግኝ ጣቢያ አስፋፍቷል። ዛፍ የግብርና ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ የቆየበትን ልማድ ሰብሮ ባለሱቁንም የባንክ ሠራተኛውንም ጉድጓድ አስቆፍሯል። ከሚተከለው ውስጥ ቀላል የማይባለው ቡና፣ አቮካዶ፣ ማንጎና የከብት መኖ በመሆኑ ገበሬው ጓሮ ድረስ ዘልቋል። ይህን የሚክድ ሰው ገጠር ወጥቶ የማያውቅ ነው። ቅሬታዬ ከተከላው በኋላ በሚመጣው ዝምታ ላይ ነው።

ቁጥሩ በየጊዜው እያደገ ሄደ። ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም በአንድ ጀምበር ከ500 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተባለ። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ 700 ሚሊዮን ታቅዶ ከዚያም መብለጡ ተነገረ። አጠቃላይ ግቡ 50 ቢሊዮን ነው። እስቲ ተራ ሒሳብ እንሥራ። ችግኝ በሁለት ሜትር ርቀት ቢተከል አንድ ሄክታር 2,500 ይይዛል። 50 ቢሊዮኑ ሁሉ በዚህ ርቀት ተተክሎ ቢጸድቅ 20 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል፤ ከአገሪቱ ቆዳ ስፋት አንድ አምስተኛውን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። የጓሮ ፍራፍሬውን ቀንሱ፣ የደረቀውን ለመተካት ዳግመኛ የተተከለውን ቀንሱ፣ ግማሽ አድርጉት። አሥር ሚሊዮን ሄክታር እኮ የሚደበቅ ነገር አይደለም! የተተከለባቸው ቦታዎች በጂፒኤስ ተመዝግበዋል ሲባል ሰምቼ፣ እኔ በምሠራበት አካባቢ ያሉትን ለማየት ጠይቄ ነበር። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመራሁ፤ መጨረሻ ላይ የተሰጠኝ በቀበሌ ተደምሮ የተጻፈ የችግኝ ብዛት ነው። የት እንደሆነና ምን ዓይነት ዛፍ እንደሆነ የለበትም።

ከ80 በመቶ በላይ ጸድቋል የሚል መግለጫ በተደጋጋሚ ሰምተናል። ሊሆን ይችላል። ግን በየትኛው ወር ተቆጥሮ ነው? መስከረም ላይ የቆጠረ ሰው የሚያየው አረንጓዴ ነው፤ ችግኙ ገና ከዝናብ አልወጣም። የሚፈተነው ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ መሬቱ ሲሰነጠቅና ከብቱ የሚበላው ሲያጣ ነው። ያንን አልፎ ሁለተኛውን ግንቦት ያየ ችግኝ ዛፍ የመሆን ተስፋ አለው። ስለዚህ 80 በመቶ የሚለው ቃል ቀን ካልተጻፈበት፣ በናሙና የታዩት ቦታዎች እንዴት እንደተመረጡ ካልተነገረበት እኔ ለተማሪዬ እንኳ ነጥብ አልሰጥበትም። ልደት እየመዘገበ ሞት የማይመዘግብ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ቢኖር የሕዝቡን ብዛት ከእሱ የሚጠይቅ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልግባ። «በአንድ ጀምበር» የሚለው ሐሳብ ለቴሌቪዥን ይመቻል፤ ለኢትዮጵያ ሰማይ ግን አይመችም። አገራችን አንድ የዝናብ ወቅት የላትም። ምዕራቡ፣ እነ ጅማና ኢሉባቦር፣ በልጉ ሲገባ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙም ሳይቋረጥ ይዘንብላቸዋል። መሃሉና ሰሜን ምሥራቁ በልግም ክረምትም አለው። ሰሜኑ ያለው ከሞላ ጎደል ክረምት ብቻ ነው፤ እሱም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ይወጣል። ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ፣ ቦረናና የሶማሌ ክልል፣ የሚዘንብላቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ሐምሌ ለቦረና ደረቅ ወቅት ነው። አርብቶ አደሩ አዶሌሳ ይለዋል፤ ይቀዘቅዛል፣ ይደምናል፣ አይዘንብም።

ታዲያ ሐምሌ ማለቂያ ላይ አገር በሙሉ ይተከል ሲባል ምን ይሆናል? ያቤሎ አካባቢ መሬት የገባ ችግኝ ዝናብ ለማየት ሁለት ወር ይጠብቃል። ሰቆጣ ላይ የተተከለው ደግሞ ዝናቡ መስከረም ሳይጋመስ ስለሚወጣበት ሥር ለመስደድ ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት ቢሆን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ስምንት ዘጠኝ ወር ፀሐይ ነው። ለዚህ ችግኝ ሁለት ሳምንት መዘግየት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። መሬቱ ረስርሶ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ችግኙ ደርሶ ሳለ «ቀኑ እስኪደርስ ይቆይ» የተባለበት ወረዳ አጋጥሞኛል። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ሥሩ የፕላስቲኩን ቂጥ በስቶ ወጥቶ ነበር። የጣቢያው ሠራተኞች ሥሩን እየቆረጡ ያቆዩት ነበር፤ ለምን እንደሚያቆዩት ግን ለእነሱም አልገባቸውም።

2015 ዓ.ምን ደግሞ አስታውሱ። በዚያ ዓመት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ኤልኒኞ መግባቱን ዓለም አቀፍ የትንበያ ማዕከላት አስታውቀው ነበር። የፓስፊክ ውቅያኖስ በምድር ወገብ ዙሪያ ሲሞቅ የእኛ ክረምት ብዙ ጊዜ ያጥራል፤ በተለይ ሰሜኑ ይጎዳል። በ2007 ክረምት ምን እንዳደረገን የምንረሳው አይደለም፤ በማግስቱ የእህል እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። በ2015ም ትግራይ፣ ዋግ ኽምራና ሰሜን ጎንደር ዝናቡ ከዳቸውና ድርቅ ሆነ። ከ500 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን የተተከለው በዚያው ክረምት ነው። ስንቱ በእነዚህ ወረዳዎች እንደተተከለ፣ ስንቱ እስከ ቀጣዩ ሰኔ እንደደረሰ ሲነገር አልሰማሁም። የተከላ ኮታ የክረምቱን ትንበያ አይቶ ሲቀነስ ወይም ከሰሜኑ ወደ ምዕራቡ ሲዛወርም አላየሁም። ለገበሬው «ዝናቡ ከመደበኛ በታች ሊሆን ስለሚችል ቶሎ የሚደርስ ዘር ዝራ» ብለን እንመክራለን። ለችግኝ እንዲህ ያለ ምክር የጠየቀን የለም።

በነገራችን ላይ፣ 2012 ዓ.ም እንደገባ በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ጣለ። መነሻው የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቃዊው አብልጦ መሞቁ ነበር፤ በኋላ የበረሃ አንበጣውን ያበዛውም ይኸው ዝናብ ነው። በዚያ ሰሞን በአንድ ስብሰባ ላይ «አሻራችን ዝናቡን መልሶታል» ሲባል ሰማሁ። አዳራሹ አጨበጨበ። ችግኙ ከተተከለ ሦስት ወሩ ነበር፤ ቁመቱም ስንዝር ቢሆን ነው። ጎኔ የተቀመጠው ባልደረባዬ፣ እሱም የአየር ንብረት መምህር፣ አብሮ አጨበጨበ። አልፈርድበትም፤ የማዕረግ እድገት ማመልከቻው በዚያው ወር ነበር የሚታየው።

የደን ሽፋንን በተመለከተም ብዙ የምንጠይቀው አለ። በ2007 ዓ.ም አገሪቱ የደን መለኪያዋን ቀየረች። ስፋቱ ግማሽ ሄክታር፣ የቅጠል ሽፋኑ 20 በመቶ፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር የደረሰ ሁሉ በደን ተመዘገበ። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው የዓለም ምግብና እርሻ ድርጅት መለኪያ ቁመቱን አምስት ሜትር ያደርገው ነበር። ለለውጡ ደህና ምክንያት ነበረው፤ የቆላው ጫካና ቀርከሃው ከቆጠራ እንዳይቀር ነው። ሆኖም በማግስቱ ሽፋናችን 15.5 በመቶ ሆነ ሲባል ከጭማሪው ከፊሉ የመጣው ከመለኪያው እንጂ ከመሬቱ አልነበረም። አሁን ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ከ17.2 በመቶ ወደ 23.6 በመቶ ማደጉ ተነግሮናል። ልዩነቱ በሄክታር ሲሰላ ሰባት ሚሊዮን ገደማ ነው። እውነት ከሆነ ዓለም ሊማርበት የሚገባ ታሪክ ነውና ካርታው፣ ዘዴውና የስህተቱ ወሰን ይታተም። ሳተላይት አረንጓዴ ቅጠል ያያል። ያ ቅጠል የባሕር ዛፍ ይሁን የጫት፣ የዝግባ ይሁን የቡና ጥላ ለመለየት ግን መሬት ወርዶ የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልገዋል።

ያ ሰው የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። አገሪቱ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሏት፤ ከመቀሌ እስከ ጂንካ፣ ከአሶሳ እስከ ቀብሪ ደሐር። እያንዳንዱ በዙሪያው ካለው የተከላ ቦታ ጥቂቱን ብቻ በዓመት አንድ ጊዜ ቢጎበኝ የአገር ቆጠራ ተሠራ ማለት ነበር። ለምን አልሆነም? እዚህ ላይ ቅሬታዬ ወደ እኛው ግቢ ይዞራል፤ የቦርድና የሴኔት አባላት፣ እናንተን ነው የማናግረው።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሁለት ዓመት አለው። አንዱ በኮርስ ያልቃል። በሌላው ዓመት የምርምር ሐሳቡን ያቀርባል፣ ገንዘብ ይጠብቃል፣ የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፋል፣ አንድ ወር ወረዳ ይወጣል፣ ተመልሶ ይጽፋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የዛፍ ዕድሜ አይለካም። የሚቻለው መጠይቅ ማስሞላት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ «የአርሶ አደሮች የአየር ንብረት ለውጥ ግንዛቤ» የሚል ጥናት እናመርታለን። ወረዳው ይቀየራል፤ መጠይቁም መደምደሚያውም ያው ነው። አርሶ አደሩ ዝናቡ መቀነሱን ይነግረናል፤ እኛም አርሶ አደሩ ዝናቡ መቀነሱን እንደሚያውቅ እንጽፋለን። መደርደሪያዬ በእነዚህ ጥራዞች ተሞልቷል፤ ግማሹን ያማከርኩት እኔ ነኝ።

መምህሩም ከዚህ አይሻልም። ማዕረግ የሚያገኘው ባሳተመው ጽሑፍ ብዛት ነው። አንድን ቦታ አሥር ዓመት ተመላልሶ የለካ ሰው በመጨረሻ የሚኖረው አንድ ጥሩ ጽሑፍና አንድ ትልቅ መዝገብ ነው። በእኛ አሠራር መዝገቡ ነጥብ የለውም፤ ሰውየውም ሰነፍ ይባላል። በገንዘብ በሁለት ሳምንት የሚያትሙ ጆርናሎች ግን ሞልተዋል። ደህና የሚባሉት ክፍት ጆርናሎች ደግሞ የሚያስከፍሉት በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም (አዎ፣ ቀኑ ያው ሐምሌ 22 ነው) ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የመምህር ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልሄደም። ወጣት ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ወደ ውጭ እየሄዱ ነው። ከእነሱ አንዱ ዛሬ አውሮፓ ተቀምጦ የኢትዮጵያን ደን በሳተላይት ያጠናል፤ ጥሩ ይሠራል። እዚህ ሳለ ያልፈቀድንለትን ነው እዚያ የሚሠራው።

ከደረሰብኝ አንዱን ልንገራችሁ። ከተማሪዎቼ ጋር በአንድ ተፋሰስ ውስጥ የተተከሉ ቦታዎችን ዞረን ቆጠርን። ያገኘነውና በሪፖርት የተጻፈው አልተገናኘም። ቁጥሩን እዚህ አላነሳም፤ የአንድ ተፋሰስ ቁጥር የአገር ቁጥር ተደርጎ እንዲወሰድብኝ አልፈልግም። ያስከፋኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፈቃድ የሰጠን ቢሮ ውጤቱ «ለውስጥ አገልግሎት» ብቻ እንዲሆን በቃል ነገረን። በቀጣዩ ዓመት ለዳግም ቆጠራ የትብብር ደብዳቤ ስንጠይቅ ፋይላችን አልተገኘም። ያነጋገረኝ ባለሙያ ቅን ሰው ነው። «ዶክተር፣ እርስዎ ጽፈው ይሄዳሉ፤ እኔ ግን ኮታዬን ይዤ እዚሁ ነኝ» አለኝ። የራሴ ተቋምም ነገሩ እንዳይካረር ሲል ርዕሱን ብንተወው እንደሚመርጥ አስታወቀኝ። ጥናቱን ለመመረቂያ ይዛው የነበረችው ተማሪዬ ርዕሷን ለወጠች። የአርሶ አደሮች ግንዛቤ ላይ ሠርታ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች።

የዚያ ባለሙያ ንግግር ከአእምሮዬ አልጠፋም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ኮታ ይወርድለታል፤ ካልሞላ በግምገማ ይጠየቃል፤ የተከለው ቢደርቅ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔም ኮታ አለኝ፤ በዓመት ይህን ያህል ጽሑፍ፣ ይህን ያህል ሥልጠና፣ ይህን ያህል ተመራቂ። ጽሑፌን ያነበበ፣ በሥልጠናዬ የተለወጠ ሰው መኖሩን የሚጠይቀኝ የለም። ፖሊሲውም ዩኒቨርሲቲውም የሚመዝኑን መሬት በገባው ነው፤ በበቀለው አይደለም። እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለውን ፖሊሲ «ተው» ሊለው አይችልም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ግን አገራችን ራሷ አሳይታናለች። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ቦታ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ነበር። ሕዝቡ በማኅበር ተደራጅቶ ልቅ ግጦሽና ከሰል ማክሰል ከለከለ፤ ከመሬት በታች በሕይወት ከቆየው ጉቶ የሚወጣውን ቡቃያ እየመለመለ አሳደገ። አብዛኛው ደን የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው። በ2002 ዓ.ም ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ ማኅበራቱም በዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ በኩል ገንዘብ አገኙ። ክፍያው የመጣው ዛፉ ስላደገና እድገቱ ስለተለካ ነው፤ ለጉድጓድ የከፈለ የለም። በአንድ ጀምበሩ ቆጠራ ቢሆን ኖሮ ተጠብቆ ያደገ ጉቶ ዜሮ ነው። አንድም ችግኝ ሳይተክል ሙሉ ተራራ ያዳነ ወረዳ በሪፖርቱ የመጨረሻውን ደረጃ ይይዝ ነበር።

አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ገበሬው ያለ ዘመቻ፣ በገዛ ማሳው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተከለ። በመጀመሪያው ዓመት መሃሉ ላይ ጤፍ ዘራበት፤ ዛፉ ሲደርስ ከሰል አክስሎ ሸጠ፤ መልሶ ተከለ። ወረዳው ከሳተላይት ሲታይ በግልጽ አረንጓዴ ሆነ። ባለቤት ያለው ዛፍ እንዲህ ይጸድቃል። ከዚያ በኋላ ግን ዋግ የሚያመጣ ፈንገስ ገብቶ ዛፉን ይፈጀው ጀመር፤ ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ስለነበረ የሚያቆመው አልተገኘም። በየዓመቱ እየዞረ የሚያይ ቋሚ ተከታታይ ቢኖር ኖሮ በሽታው ጥቂት ማሳ ላይ ሳለ ሊታይ ይችል ነበር። ቆጠራ ስል ይህንንም ጨምሬ ነው፤ ሰው ለማሳጣት ብቻ አይቆጠርም።

የጉባኤው አዘጋጆች፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም ብራዚል ቤሌም ላይ 32ኛው ጉባኤ አዲስ አበባ እንዲሆን መወሰኑ አስደስቶኛል። በ2020 ዓ.ም ዓለም ወደ እኛ ይመጣል። እንግዶቻችን የከተማዋን የኮሪደር ልማት ያያሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከመካከላቸው ግን ላፕቶፕ የያዙም አሉ። የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ በላያችን እያለፉ አሥር ሜትር ድረስ አጥርቶ የሚያሳይ ምስል ለዓለም ሁሉ በነፃ ያድላሉ፤ የትብብር ደብዳቤም አይጠይቁም። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም ባደሰችው ብሔራዊ ዕቅድ እስከ 2030 እ.ኤ.አ ልቀቷን ምንም ርምጃ ካልተወሰደ ሊደርስ ከሚችለው በ68.8 በመቶ እቀንሳለሁ ብላለች፤ ከዚህ ትልቁ ድርሻ የሚጠበቀው ከደንና ከመሬት አጠቃቀም ነው። ስለዚህ መቆጠራችን አይቀርም። የሚቀረው ምርጫ ቀድመን ራሳችን እንቆጥራለን ወይስ ሌሎች ቆጥረው ሲነግሩን እንደነግጣለን የሚለው ነው። ለካሣ ስንከራከር፣ ድርቁን ያመጣብን ጋዝ ከእኛ አለመውጣቱን ስናስረዳ፣ አንድ የተጋነነ ቁጥር እውነተኛውን አቤቱታችንን ሁሉ ሊያበላሽብን ይችላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ስለሆነም የምጠይቃችሁን በግልጽ ላስቀምጥ። የመርሐ ግብሩ አስተባባሪዎች፣ የተከላ ቦታዎቹን ወሰን፣ የዛፉን ዓይነትና የተከላውን ቀን ማንም ዜጋ ሊያየው በሚችል መዝገብ ክፈቱልን። ከ2011 ተከላ ቦታዎች በዕጣ የተመረጡ ናሙናዎች በገለልተኛ ቡድን ይቆጠሩ፤ ውጤቱም ጥሩ ሆነ መጥፎ ከጉባኤው በፊት ይታተም። ከአሁን በኋላ የሚወጣ የመጽደቅ ቁጥር ሁሉ መቼ እንደተቆጠረ ይጻፍበት፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ በጋ ያላለፈ ችግኝ ጸደቀ አይባል። ተከላው በየአካባቢው ዝናብ ይመራ፤ ቦረናና ሶማሌ በመጋቢት፣ ሰሜኑ ዝናቡ እንደገባ ይትከል። የአንድ ጀምበሩ ቀን ይቅር አልልም፤ ለሚዘንብበት አካባቢ ብቻ ይሁን። ለችግኝ ማፍላት ከሚመደበው በጀት ላይም ለጥበቃና ለክትትል የሚውል ድርሻ በሕግ ይቆረጥ። የተጠበቀ ጉቶና የተከለለ ተራራም በሪፖርቱ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ ይሰጠው፤ ይህ እንኳ ምንም ወጪ የለውም።

የቦርድና የሴኔት አባላት፣ ለብዙ ዓመት የተሰበሰበና ለሌሎች ክፍት የተደረገ የመስክ መዝገብ እንደ ኅትመት ነጥብ ይሰጠው። አንድ ተማሪ የጀመረውን ቦታ ቀጣዩ ተማሪ የሚረከብበት አሠራር ይኑር፤ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ማጠሩ ችግር አይሆንም። በአግባቡ የተሠራ ጥናት ውጤቱ ያልተወደደለት መምህር ደብዳቤ ቢከለከል ዩኒቨርሲቲው በስሙ ይጻፍለት፤ «ተወው» አይበለው። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአካባቢ ጥበቃን መሥሪያ ቤት ሲመሩ በካርታኼና የሥነ ሕይወት ደኅንነት ድርድር የታዳጊ አገሮችን ወገን ይዘው ከኃያላን ጋር ፊት ለፊት ተከራክረዋል። ሳይንቲስት የመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጦም «አይሆንም» ሊል እንደሚችል ያየነው በእሳቸው ነው። ዛሬ በምርምር ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ያን ያህል እንኳ ቢፈቀድለት ብዬ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ከመጪው ሰኔ በፊት ሊጀመር ይችላል፤ እሱም የቦታዎቹን መዝገብ መክፈት ነው። መዝገቡ ከተከፈተ እኔና ተማሪዎቼ ከዩኒቨርሲቲያችን በእግር ከሚደረስባቸው ቦታዎች እንጀምራለን፤ አበልም አንጠይቅም። ጥያቄዬን ጆሮ ዳባ ልበስ እንደማትሉት በማመን ምላሻችሁን በአክብሮት እጠባበቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር

አንድ የአየር ንብረት ተመራማሪና የዩኒቨርሲቲ መምህር